ሕጉ ቁንዝላ ሲደርስ፦ በጥበቃ ሥር የሚደርስ ሞትና የመንግሥት ቁጥጥር

መግቢያ

በአማርኛ የታሳሪ ቤት ስም ከዘመን ዘመን እየተቀየረ መጥቷል። የጎንደር ነገሥታት ለዙፋን ያሰጋሉ ያሏቸውን የንጉሣውያን ቤተሰብ አባላት ያኖሩበት ተራራ ወህኒ አምባ ይባል ነበር፤ «ወህኒ» የሚለው ቃልም የእስር ቤት መጠሪያ ሆኖ እስከ ቅርብ ትውልድ ዘልቋል። ዛሬ በሕግ ቋንቋ የሚሠራበት መጠሪያ «ማረሚያ ቤት» ነው። የስሙ ለውጥ ቃል ኪዳን ይዟል፤ ወደዚያ የገባ ሰው ታርሞ ወደ ወገኖቹ ይመለሳል የሚል። ይሁን እንጂ ማረም የሚቻለው በሕይወት ያለን ሰው ነው። ስለዚህ የማንኛውም የማረሚያ ቤት ማሻሻያ የመጀመሪያ መመዘኛ፣ ወደ ውስጥ የገቡት ሰዎች በሕይወት መውጣታቸው መሆን ይገባዋል።

በአገራችን ማሻሻያዎቹ በጽሑፍ ደረጃ ጥቂት አይደሉም። በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 365 የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽንን አቋቋመ። በ1999 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 138 የታራሚዎችን አያያዝ ዘረዘረ። በ2010 ዓ.ም. የማዕከላዊ ምርመራ እስር ቤት ተዘጋ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው በእስረኞች ላይ የማሰቃየት ድርጊት ይፈጸም እንደነበር በይፋ አመኑ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1174 የኮሚሽኑን ግዴታና የታራሚውን መብት ከቀድሞው ሰፋ አድርጎ ደነገገ። እነዚህ ሁሉ ሊመሰገኑ የሚገባቸው እርምጃዎች ናቸው።

ነገር ግን ማሻሻያ ማውጣትና ማሻሻያው ሞትን መቀነሱን ማረጋገጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው የሕግ አውጪው ሲሆን ሁለተኛው የተቆጣጣሪው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ሁለተኛውን ነው። የሚያቀርበውም ክርክር አንድ ነው፦ በጥበቃ ሥር የሞተው ሰው እስካልተቆጠረ፣ የሞቱም መነሻ ከጠባቂው ነጻ በሆነ ባለሙያ እስካልተመረመረ ድረስ፣ የመንግሥት ቁጥጥር የወረቀት ቁጥጥር ሆኖ ይቀራል።

ሕጉ እስከ የት ይደርሳል?

ሕግ የሚፈተነው በወጣበት ከተማ ሳይሆን በመጨረሻ በሚደርስበት ሥፍራ ነው። ለምሳሌ ያህል በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ በሰሜን አቸፈር ወረዳ የምትገኘውን ቁንዝላን መውሰድ ይቻላል። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሄደው ጀልባ ከሚያርፍባቸው ወደቦች አንዷ ናት፤ በየብስም በዱርቤቴ በኩል ይደረስባታል። የቁንዝላ ስም እዚህ የሚነሣው በዚያ የደረሰ ጥፋት አለ ለማለት አይደለም። በአገሪቱ እንደ እርሷ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ብዙ ስለሆኑ፣ ሕጉ ከእነርሱ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ብቻ ነው።

በእንዲህ ያለ ከተማ አንድ ሰው ቢያዝ በመጀመሪያ የሚያድረው በፖሊስ ጣቢያ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የ2012ቱ አዋጅ የተጻፈው ለፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ነው፤ የክልል ማረሚያ ቤቶች በየክልሉ ሕግ ይተዳደራሉ፤ የፖሊስ ጣቢያ ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ሆኖ በፖሊስ ሥር ነው። ስለዚህ ለታራሚው የተጻፈው የጤና ድንጋጌ ገና ወደ ማረሚያ ቤት ላልተላከው ተጠርጣሪ በቀጥታ አይደርሰውም። ከላይ ሆኖ ሁሉንም የሚሸፍነው ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለም ሆነ በፍርድ የታሰረ ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ ያዛል፤ ከቤተሰቡ፣ ከሃይማኖት አባቱና ከጠበቃው ሌላ ከሐኪሙ ጋር የመገናኘት መብትም ይሰጠዋል። መብቱ ግልጽ ነው። በሌሊት ትኩሳት የያዘውን ተጠርጣሪ ማን ይመረምረዋል፣ ማንስ ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሰዋል፣ ሳይደርስ ቢቀርስ ማን ይጠየቃል የሚለውን ግን ሕገ መንግሥት ብቻውን አይመልስም።

ለሕክምና ባለሙያ የመጀመሪያዎቹ ቀናት አደገኛነት ግልጽ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ፣ ኢንሱሊን የሚወጋ፣ የጸረ ኤች አይ ቪ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመረ ሰው በተያዘ ጊዜ መድኃኒቱ እቤት ይቀራል። በየቀኑ ብዙ መጠጥ የለመደ ሰው ድንገት ሲያቆም ለመንቀጥቀጥና ለመቃዠት ይዳረጋል፤ ጠባቂው ይህን እንደ ዕብደት ወይም እንደ ማስመሰል ሊቆጥረው ይችላል። ራስን የማጥፋት ስጋትም ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። በጣና ዳርቻ ወባ አለ፤ ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ የተመለሰ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ካላ አዛር ይዞ ሊመጣ ይችላል። እነዚህ ሁሉ በአጭር የመግቢያ ምርመራ የሚለዩ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ማንኛውም ታሳሪ እንደገባ ወዲያውኑ በጤና ባለሙያ እንዲታይ የሚያዙት በዚህ ምክንያት ነው። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሉዋንዳ መመሪያም የፖሊስ ጣቢያን በተለይ የሚመለከት ነው።

ቁጥሩና ምክንያቱ

ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኘው የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት እሳት ተነሣ። በመጀመሪያ በይፋ የተነገረው የሟች ቁጥር አንድ ነበር። ከቀናት በኋላ መንግሥት ቁጥሩ 23 መሆኑን፣ ከእነዚህም 21ዱ በመረጋገጥና በጭስ በመታፈን፣ ሁለቱ ደግሞ ለማምለጥ ሲሞክሩ በጥይት መሞታቸውን አስታወቀ። ቀጥሎም 38 እስረኞች በወንጀል ተከሰሱ። በዚያው ዓመት በጎንደር የአንገረብ ማረሚያ ቤትም የእሳት አደጋ ደርሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል።

መግለጫውን በሐኪም ዓይን ያነበበ ሰው የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ከፖለቲካው ክርክር የተለዩ ናቸው። መረጋገጥና መታፈን በአስከሬን ላይ የሚተዉት ምልክት አንድ አይደለም። በጭስ የታፈነ ሰው በመተንፈሻ አካሉ ውስጥ ጥላሸት፣ በደሙ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገኝበታል፤ የተረጋገጠ ሰው ደረት ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ማጠቃለል ለዜና ይበቃ ይሆናል፤ ለመከላከል ግን አይበቃም። ጭስ ከሆነ መፍትሔው መስኮትና የእሳት ማጥፊያ፣ መረጋገጥ ከሆነ መፍትሔው የበሩ ስፋትና ቁልፉን የያዘው ሰው፣ ጥይት ከሆነ ደግሞ የኃይል አጠቃቀም ሥርዓትና የሕግ ተጠያቂነት ነው። ምክንያቱ ካልተለየ ማሻሻያው ምኑን እንደሚያሻሽል አያውቅም።

እሳት ግን ለሁሉም የሚታይ አደጋ ነው። በማረሚያ ቤት የሚደርሰው ሞት የሚበዛው ያለ ጩኸት የሚመጣው ነው። በሰሜን ጎንደር ዞን ማረሚያ ቤት ተደርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ1,754 ታራሚዎች መካከል 26ቱ በአክታ ምርመራ የተረጋገጠ የሳንባ ነቀርሳ እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህ ከ100,000 ሰዎች ወደ 1,482 ይሆናል። በተቀራራቢ ዘመን የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ዘንድ ያገኘው ከ100,000 ሰዎች 108 ነበር። የሁለቱ ጥናቶች ዘዴ አንድ ባይሆንም ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። በተጨናነቀ ክፍል፣ አየር በማይዘዋወርበት፣ ጎን ለጎን ተኝቶ ለሚያድር ሰው የሳንባ ነቀርሳ ፍርድ ቤት ያልወሰነው ተጨማሪ ቅጣት ነው። ቅማል ባለበት የሚዛመተው ግርሻም በመጨናነቅና በንጽሕና ጉድለት የሚስፋፋ፣ በቀላል መድኃኒት የሚድን፣ ችላ ከተባለ ግን የሚገድል በሽታ ነው።

በእንዲህ ያለ ሕመም የሞተ ታሳሪ በተለምዶ «ታሞ ሞተ» ይባላል፤ መዝገቡም በዚሁ ይዘጋል። በሞት ማረጋገጫ ላይ «ልቡ ቆመ» ወይም «ትንፋሹ ተቋረጠ» ብሎ መጻፍ ምክንያት መስጠት አይደለም፤ የሟች ሁሉ ልብ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት የሞት ምስክር ወረቀት ቀጥተኛውን ምክንያት ከመነሻው ለይቶ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ለአንድ ታሳሪ ቀጥተኛው ምክንያት ደም የተፋበት የሳንባ ነቀርሳ፣ መነሻው ለሦስት ወራት ያልታየ ሳል፣ ከእርሱ በስተጀርባ ያለው ደግሞ የተከለከለ ወይም የዘገየ ሪፈር ሊሆን ይችላል። በተፈጥሮ ሕመም የተከሰተ ሞት ሁሉ መከላከል የማይቻል ሞት አይደለም። ተቆጣጣሪው «በተፈጥሮ ሕመም» የሚለውን ቃል እንደ መደምደሚያ ሲቀበል ከቁጥጥሩ ሥር ትልቁ ክፍል ያመልጠዋል።

ከበር ውጭ የሚቆም ልብ

ሌላው የቁጥር ጉድለት የሚመጣው ከበሩ ነው። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በቀዶ ሕክምና ሐኪምነታቸው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ምሥረታና አመራር፣ እንዲሁም በብዙ ሐኪሞች መምህርነታቸው የታወቁ ነበሩ። የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት ሊቀ መንበር ሆነው በ1986 ዓ.ም. ታሰሩ። በእስር ላይ ሳሉ በልብና በደም ሥር ሕመም ክፉኛ ተዳከሙ። በመጨረሻም በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ለሕክምና ወደ ውጭ እንዲሄዱ ተፈቱ፤ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ አረፉ። ከእስር በወጡ አምስት ወር ሳይሞላ ማለት ነው።

ስለ ፖለቲካቸው የተለያየ አስተያየት ያላቸው ሰዎች ይኖራሉ። የሕክምናው ጥያቄ ግን ከዚያ ሁሉ የተለየ ነው፦ በእስር ቤት የተባባሰ ሕመም በውጭ ሆስፒታል ሲገድል ሞቱ በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? ሕመምተኛን በርኅራኄ መፍታት ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ቀደም ብሎ ሊደረግ ይገባል። ሆኖም ሊሞት የተቃረበ ሰው ሁሉ በመጨረሻው ሳምንት ከተፈታ የማረሚያ ቤቱ መዝገብ ንጹሕ ይሆናል፤ ማረሚያ ቤቱ ግን አልተሻሻለም።

የሕክምና ሙያ ለእንዲህ ያለ የቁጥር ማምለጫ መልስ ካገኘ ቆይቷል። የእናቶች ሞት የሚቆጠረው በወሊድ አልጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ እርግዝናው ካበቃ በኋላ እስከ 42ኛው ቀን ድረስ ከእርግዝናው ጋር የተያያዘ ሞት ሁሉ ይቆጠራል። የጨቅላ ሞትም እስከ 28ኛው ቀን ይዘልቃል። ከእስር በተለቀቀ ሰው ላይም እንዲሁ የታወቀ የቀን ገደብ ቢቆረጥ፣ ከእስሩ ጋር የተያያዘው ሞት በበሩ ደፍ ላይ ከመዝገብ አይጠፋም።

ተቆጣጣሪው ማነው?

ራሱን በራሱ የሚመዝን ነጋዴ ሚዛን እንደማይታመን ሁሉ፣ ማረሚያ ቤት ስለ ራሱ ሟቾች የሚያቀርበው ሪፖርትም ብቻውን አይበቃም። የማንዴላ ደንቦች 71ኛው ደንብ የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ የራሱን ማጣራት ቢጀምርም እንኳ፣ እያንዳንዱን ሞት ከማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ነጻ ለሆነ የፍትሕ ወይም ሌላ ባለሥልጣን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዛል። 83ኛው ደንብ የውስጥና የውጭ ተቆጣጣሪ ጎን ለጎን እንዲሠሩ፣ 84ኛው ደግሞ በተቆጣጣሪ ቡድን ውስጥ የጤና ባለሙያ እንዲኖር ይጠይቃሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የሚኒሶታ ፕሮቶኮልም በጥበቃ ሥር የደረሰ ሞት፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ፣ የመንግሥትን ኃላፊነት የሚያስገምት መሆኑን ይገልጻል። ይህ ጠባቂን አስቀድሞ መክሰስ አይደለም። የበሩ ቁልፍ፣ ምግቡ፣ መድኃኒቱና ማስረጃው ሁሉ በእጁ ያለ አካል የማስረዳት ሸክሙንም ይሸከማል ማለት ነው።

በአገራችን የዚህ ሥራ ዋና ተስፋ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ነው። የኮሚሽኑን ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 210/1992 ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1224/2012 ኮሚሽኑ ማረሚያ ቤቶችንና ፖሊስ ጣቢያዎችን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ እንዲጎበኝ ፈቅዷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ አስቀድሞ የተነገረ ጉብኝት የታጠበ ግቢና የተቀባ ግድግዳ ከማሳየት አያልፍምና። ይሁን እንጂ ጉብኝት የቆመበትን ቀን ያሳያል፤ የሞት ማስታወቂያ ግዴታ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ከባሕር ዳር የሚነሣ ጎብኚ ቁንዝላን የመሰሉ ጣቢያዎችን ሁሉ በየወሩ ሊያዳርስ አይችልም። በየጣቢያው የሚደርስ እያንዳንዱ ሞት በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ እርሱ እንዲመጣ የሚያስገድድ ሥርዓት ካለ ግን ርቀቱ ያጥራል። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የጸረ ማሰቃየት ስምምነትን ተቀብላለች፤ መደበኛ የጉብኝት ሥርዓት የሚዘረጋው የስምምነቱ አማራጭ ፕሮቶኮል አባላት ዝርዝር ውስጥ ግን የለችበትም።

የሌሎች አገሮች ልምድ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ትምህርት ከአውስትራሊያ የሚገኝ ነው። በዚያች አገር የተቋቋመ ንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን ከ1987 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. በጥበቃ ሥር የሞቱ 99 ነባር ሕዝቦችን ጉዳይ አንድ በአንድ መርምሮ 339 የማሻሻያ ሐሳቦችን አቀረበ። በ2018 እ.ኤ.አ. በመንግሥት የታዘዘ ግምገማ ከእነዚህ 64 በመቶው ሙሉ በሙሉ ተፈጽሟል አለ። ምሁራን ግን ግምገማው መንግሥታት ስለ ራሳቸው የተናገሩትን ተቀብሎ እንደ መረጠ፣ ማሻሻያው ያስገኘውን ውጤትም እንዳልመዘነ በመግለጽ ተቹት። የነባር ሕዝቦች በጥበቃ ሥር መሞትም አልቆመም። ያም ሆኖ ትችቱ ሊቀርብ የቻለው አገሪቱ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱን የጥበቃ ሞት በአገር አቀፍ መዝገብ ስትቆጥር ስለቆየች ነው። ቁጥሩ ባይኖር ኖሮ 64 በመቶው እንደ ድል ይነገር ነበር።

ሁለተኛው የአሠራር ትምህርት ነው። በደቡብ አፍሪካ የ1998 እ.ኤ.አ. የማረሚያ አገልግሎት ሕግ በማረሚያ ቤት የሚደርስ ማንኛውም ሞት ወዲያውኑ ለተቆጣጣሪ ዳኛ ጽሕፈት ቤት እንዲነገር ያዛል፤ ጽሕፈት ቤቱም በዓመታዊ ሪፖርቱ የተፈጥሮና ተፈጥሯዊ ያልሆነ ሞትን ለይቶ ያወጣል። በእንግሊዝና ዌልስ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእስረኞች እንባ ጠባቂ እያንዳንዱን የእስር ቤት ሞት ይመረምራል፤ የሕክምና አገልግሎቱ ከማኅበረሰቡ ሕክምና ጋር የተመጣጠነ ነበር ወይ ብሎም ይጠይቃል። ይህ ሁሉ በእነዚህ አገሮች ሞትን አላስቀረም። ሞቱን ለሕዝብ የሚታይና የሚያከራክር ግን አድርጎታል።

የሐኪሙ እጅ

የመንግሥት ቁጥጥር ጉድለት ሲነገር የጤና ባለሙያው ከዳር ሆኖ ሊመለከት አይችልም። የማረሚያ ቤት ክሊኒክ ባለሙያ በአመዛኙ የማረሚያ ቤቱ ተቀጣሪ ነው። ሪፈር ሲጽፍ ለታማሚው ያዝናል፤ አጃቢና መኪና የሚመድበው ግን አለቃው ነው። የማንዴላ ደንቦች የሕክምና ውሳኔ በጤና ባለሙያ ብቻ እንዲሰጥ፣ የጤና ባለሙያ ባልሆነ የእስር ቤት ሠራተኛም እንዳይሻር ይደነግጋሉ። የዓለም የሕክምና ማኅበር በ1975 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ያወጣው መግለጫም ሐኪም በማሰቃየት ውስጥ በምንም መልኩ እንዳይተባበር ይከለክላል። ነገር ግን ደመወዙንና ዕድገቱን ከጠባቂው የሚጠብቅን ነርስ በመግለጫ ብቻ ነጻ ማድረግ አይቻልም። እንግሊዝ የእስር ቤት ሕክምናን ከእስር ቤት አስተዳደር አውጥታ በ2006 እ.ኤ.አ. ለብሔራዊ የጤና አገልግሎቷ ሙሉ በሙሉ ያስረከበችው ይህን ችግር ለመፍታት ነው። በአገራችንም የማረሚያ ቤት ክሊኒኮች በጤና ሚኒስቴርና በክልል ጤና ቢሮዎች ሥር ቢሆኑ፣ ሪፈር የአለቃ ፈቃድ ሳይሆን የሕክምና ትእዛዝ ይሆናል።

ከዚህ የሚከብደው የአስከሬን ምርመራ ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የፎረንሲክ ምርመራ በአመዛኙ የሚካሄደው በአዲስ አበባ በምኒልክ ሆስፒታል ነበር። ከጣና ዳርቻ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ አስከሬን ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሟቹን በዕለቱ ወይም በማግስቱ ለመቅበር ለለመደ፣ ለቀስተኛ ተሰብስቦ ለሚጠብቀው ቤተሰብ ይህ ሁለተኛ ሐዘን ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ «ተዉት፣ አፈር ይቅመስ» ማለቱ አያስገርምም። ሳይመረመር የተቀበረ ሰው ግን ከቀብሩ በኋላ በወሬ ይመረመራል። አንዱ «ተመትቶ ነው» ይላል፤ ሌላው «መርዘውት ነው» ይላል፤ ጥፋት የሌለበት ጠባቂም ዕድሜውን ሙሉ በጥርጣሬ ይታያል። በቅርብ የሚገኝ፣ ፈጣንና የታመነ የአስከሬን ምርመራ ለሟች ቤተሰብ እውነትን፣ ለንጹሕ ጠባቂ መከላከያን፣ ለጥፋተኛው ተጠያቂነትን ይሰጣል። በክልል የሪፈራልና የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የፎረንሲክ ሐኪሞችን መመደብ በዚህ ረገድ ከማንኛውም አዲስ ሕንፃ ይልቅ ጠቃሚ ማሻሻያ ነው።

የታወቀ መንገድ አለ

ይህን ሥርዓት መዘርጋት ከአቅም በላይ ነው የሚል መልስ ሊቀርብ ይችላል። የአገሪቱ የጤና ሥርዓት ራሱ ግን ይህን መልስ ያስተባብላል። ኢትዮጵያ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የሚባለውን አሠራር ዘርግታለች። በገጠር ቀበሌ የሞተች እናት በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትመዘገባለች፤ ጤና ጣቢያው ቤተሰቡን ጠይቆ የሞቱን ሁኔታ ያጣራል፤ ቡድን ተሰብስቦ ሞቱን መከላከል ይቻል እንደነበር ይወያያል፤ ውጤቱም ወደ ወረዳ፣ ወደ ክልልና ወደ ፌዴራል ይተላለፋል። እቤቷ የሞተችን እናት ፈልጎ ለመቁጠር የደፈረ ሥርዓት፣ በመንግሥት ቁልፍ ሥር የሞተን ሰው ለመቁጠር አይከብደውም። እንዲያውም ታሳሪው ስሙ የተመዘገበ፣ የገባበት ሰዓት የታወቀ፣ በየቀኑ የሚቆጠር ሰው ነው።

በሁለቱ መካከል አንድ ልዩነት መጠበቅ አለበት። የእናቶች ሞት ግምገማ ጥፋተኛ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ትምህርት ነው። የጥበቃ ሞት ግን ሁለት ማኅደር ያስፈልገዋል፦ አንደኛው ነጻ የሕግ ምርመራ፣ ሁለተኛው ሕክምናዊ ግምገማ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ነርሷ ፈርታ ትደብቃለች፤ አንደኛው ብቻ ከቀረ ደግሞ ወይ ፍትሕ ይጎድላል ወይ ትምህርት ይጎድላል።

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚወጡት ጥያቄዎች ጥቂትና ግልጽ ናቸው። በፖሊስ ጣቢያም ሆነ በማረሚያ ቤት፣ በፌዴራልም ሆነ በክልል፣ በመደበኛውም ሆነ በአስቸኳይ ጊዜ በተከፈተ ማቆያ የሚደርስ ሞት ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና ለጤና ቢሮ ይነገራል ወይ? ምክንያቱ በነጻ ሐኪም ተመርምሮ ቀጥተኛውና መነሻው ተለይቶ ይጻፋል ወይ? ታሞ የተፈታ ሰው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ቢሞት ይቆጠራል ወይ? ቁጥሩስ፣ የሟቾች ስም ሳይጋለጥ፣ በየዓመቱ ለምክር ቤቶችና ለሕዝብ ይወጣል ወይ? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ሆነ የክልሉ ምክር ቤት የማረሚያ ቤቶችን ዓመታዊ ሪፖርት ሲያዳምጥ ከሠለጠኑ ሠራተኞችና ከተገነቡ ክፍሎች ብዛት በፊት እነዚህን አራቱን ቢጠይቅ፣ ማሻሻያው የት እንደደረሰ ያውቃል።

የሕክምና ማኅበራት ድርሻም በዚሁ ይለካል። አባሎቻቸው በሞት ምስክር ወረቀት ላይ «ልቡ ቆመ» ብለው እንዳያልፉ ማስተማር፣ እውነቱን በመጻፉ የሚደርስበትን ጫና የሚያሳውቅ ባለሙያ ብቻውን እንዳይቆም ማድረግ፣ በተቆጣጣሪ ቡድኖች ውስጥም ሐኪም እንዲቀመጥ መጠየቅ ከማንም ፈቃድ የማይጠብቁ ሥራዎች ናቸው። የአዋጅ ቁጥሮች በአዲስ አበባ ይሰጣሉ። በሐይቁ ዳር ባለች ጣቢያ በሌሊት የተጠራ አንድ የጤና መኮንን የሚጽፈው አንድ መስመር ግን አዋጁ መድረሱንና አለመድረሱን የሚያሳይ የመጀመሪያው ማስረጃ ነው።